ሻርፕ የማታወልቀው እህቴ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ካፌ ውስጥ ደንበኛ ሲቀንስ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። 24 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ደምቢያ ገጠር ነው። አሁን ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ፤ የምሠራው ገንዘብ ተቀባይነት ነው። ታናሽ እህቴ 16 ዓመቷ ነው። 8ኛ ክፍልን እዚያው አገር ቤት ተምራ በክልላዊ ፈተናው ከትምህርት ቤቷ አንደኛ ወጣች። አባቴን ለምኜ አምና እኔ ጋ አመጣኋት።

እህቴን ትንሽ ልጅ ሳለች አያታችን አንገቷን ነቅሳታለች። ዙሪያውን ሦስት መስመር፣ ከሥሩ ነጥብ ነጥብ አለው። እኔ መርፌውን ሳይ ሮጬ ጎረቤት ስለተደበቅኩ ተረፍኩ። አገር ቤት ሳለች ስለ ንቅሳቷ ክፉ የተናገራት ሰው የለም፤ እንዲያውም አንገቷ ያምራል ይሏት ነበር። እዚህ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ልጅ «ዩኔስኮ መጣች» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ስሟ እሱ ሆኖ ቀረ። «ፋሲል ግንብ ቦታ ቀየረ» የሚሏትም አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሻርፕ ከአንገቷ አይወርድም፤ በመጋቢት ሙቀት እንኳ። አንድ መምህር አስወልቋት እያለቀሰች መጣች። በቡድን ሥራ አቅርቡ በሚባሉበት ቀን ራሴን አመመኝ ብላ ትቀራለች። ለባህል ቀን የከተማ ልጆች አንገታቸው ላይ በዓይን ኩል ንቅሳት ስለው ሲያምሩ እሷ ቤት ተኝታ ዋለች። 9ኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ ከ58 ተማሪ 7ኛ ነበረች፤ ዘንድሮ 34ኛ ወጣች። ሒሳብና ፊዚክስ ብዙ አልወረዱም፤ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ታሪክና ስፖርት ግን በጣም ወርደዋል።

ካርዷን ሳይ ተናደድኩና «እኔ ጎህ ሳይቀድ የምነሳው ለማን ነው? ጭንቅላትሽ ደነዘዘ ወይ?» አልኳት። «አዎ ደንዝዣለሁ፣ ወደ አገሬ መልሺኝ» አለችኝ። አባታችን ሲደውል «ደህና ናት፣ እየተማረች ነው» እለዋለሁ። ካልሆነላት ትመለስ፣ የሚጠይቋት ሰዎች አሉ ብሎ ያውቃል። በሚቀጥለው ወር እቁብ ይደርሰኛል። አንዲት የውበት ሳሎን ባለቤት ንቅሳቱን በክሬም አጠፋዋለሁ ብላኛለች። አስጠኚ ልቅጠርላት ብዬም አስባለሁ፤ ገንዘቡ ለሁለቱም አይበቃም። የትኛውን ላድርግ? አባታችንንስ ልንገረው?

እህት ነኝ፣ ከማራኪ

*

ውድ እህቴ፣

ከደብዳቤሽ ሁሉ ቀልቤን የያዘው አንቺ እንደዋዛ ያለፍሽው ነገር ነው። ሒሳብና ፊዚክስ አልወረዱም፤ አማርኛ ወረደ። ደምቢያ ተወልዳ፣ በአማርኛ አፏን ፈትታ፣ በክልላዊ ፈተና አንደኛ የወጣች ልጅ አማርኛ እንዴት ይከብዳታል? የደነዘዘ ጭንቅላት ትምህርት መርጦ አይደነዝዝም፤ ቢደነዝዝ ቀድሞ የሚወድቀው ፊዚክስ ነበር።

እስኪ እነዚያን አራት የትምህርት ዓይነቶች ጎን ለጎን እያቸው። አማርኛ ላይ ተነስቶ ምንባብ ማንበብ፣ ክፍሉ ፊት ቆሞ መናገር አለ። እንግሊዝኛም እንደዚያው ነው። ታሪክ ላይ የቡድን ሥራ ይቀርባል። ስፖርት ላይ ሻርፕ አድርጎ መሮጥ የለም። ሒሳብ ላይ ግን አንገቷን ደፍታ ወረቀቷ ላይ መሥራት ትችላለች። ከውጤቱ ቀላል የማይባለው ክፍል የሚያዘው ደግሞ ከመጨረሻው ፈተና በፊት፣ በክፍል ውስጥ በሚሰጠው ተከታታይ ምዘና ነው። እህትሽ ነጥብ የምታጣው ሰው ፊት መቆም ባለባት ቦታ ሁሉ ይመስለኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ማረጋገጥ ግን ትችያለሽ። የአምናውንና የዘንድሮውን ካርድ ይዘሽ የክፍል ኃላፊዋ መምህር ጋ ሂጂና አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ የጎደለው ከጽሑፍ ፈተናው ነው ወይስ ከክፍል ሥራው? መልሱ ቀጥሎ የምታደርጊውን ይለውጠዋል።

ሁሉንም አንገቷ ላይ እንዳንደፈድፈው ደግሞ ልጠንቀቅ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ከገጠር ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ የታሪኩን መጽሐፍ ከመረዳቱ በፊት ቋንቋውን ማለፍ አለበት። በእንግሊዝኛና በታሪክ የወረደችው በከፊል በዚህም ሊሆን ይችላል። በአማርኛና በስፖርት የወረደችው ግን በዚህ አይደለም።

በሰው ዓይን ስለ መታየት የሚጨነቅ አእምሮ ሌላ ሥራ ሲሰጠው ምን እንደሚሆን በጥናት የታየ ነገር አለ። በፈረንጆቹ 1998 ባርባራ ፍሬድሪክሰንና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ ባሳተሙት ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ በአንድ መስታወት ያለበት ክፍል እየገቡ ግማሾቹ የዋና ልብስ፣ ግማሾቹ ሹራብ ለበሱ። ልብሱን እንደለበሱ ሒሳብ እንዲሠሩ ተሰጣቸው። የዋና ልብስ የለበሱት ሴቶች ሹራብ ከለበሱት ሴቶች ያነሰ ውጤት አመጡ፤ ወንዶቹ ላይ ይህ አልታየም። ልብ በይ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚያያቸው ሰው አልነበረም። ሐሳባቸውን የከፈለው ስለ ገላቸው የሚያስቡት ነው። እህትሽ ደግሞ ብቻዋን አይደለችም፤ አምሳና ስልሳ ልጅ መሐል ተቀምጣ፣ አንዱ ከኋላ ሲስቅ «በእኔ ይሆን?» እያለች ነው የምትማረው። ያዘለችው ሕፃን እንዳይወድቅባት እየዳበሰች ፈተና እንደምትሠራ ሴት አድርገሽ አስቢያት። ማወቅ አላቃታትም፤ ግማሽ እጇ ተይዟል።

ሰዎች «በራስ መተማመኗን አሳድጊላት» ማለታቸው አይቀርም። ምክሩ ክፋት የለውም፤ ግን ብዙውን ጊዜ የሚተረጎመው «ቆንጆ ነሽ፣ ጎበዝ ነሽ» እያሉ በመደጋገም ነው። ሮይ ባውማይስተርና ሌሎች ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ራስን በማወደስ ብቻ የትምህርት ውጤት ከፍ እንደማይል ነው ያገኙት። ብዙ ጊዜ የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ ልጅቷ አንድ ነገር ሲሳካላት ለራሷ ያላት ግምት ይነሳል። ስለዚህ ከውዳሴ ይልቅ የሚሳካላትን ትንሽ ነገር ፈልጊላት።

«ባህልሽ ነው፣ ኩሪበት» የሚለውንም ባትያት እመርጣለሁ። አውቃለሁ፣ እውነት ነው። ግን ይህን የሚሏት አንገታቸው ንጹህ የሆነ ሰዎች ናቸው። በኩል ስለው ማታ በሳሙና ያጠቡት ልጆች በዚያች ቀን ተጨበጨበላቸው፤ የእሷን ሳሙና አያወርደውም። (ያ «ዩኔስኮ» ያላት ልጅ አፈ ቀልጣፋ መሆኑን አልክድም። ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ መግባቱ እዚህ ከተማ ውስጥ የሚያኮራ ነገር ነው፤ እሱ ኩራቱን መሳለቂያ አደረገው። ደባሪ ስድብ ቶሎ ይረሳል፤ እንዲህ ያለው ግን ይጣበቃል።) እህትሽ አሁን በንቅሳቷ መኩራትም ማፈርም ግዴታዋ አይደለም። ለጊዜው የሚያስፈልጋት ስለ አንገቷ ሳታስብ የምታልፍበት አንድ ሰዓት ነው።

ወደ ቤታችሁ ልምጣ። «ደነዘዘ» ያልሻትን ነገር እንደ ትልቅ በደል አድርገሽ ራስሽን አትግረፊ። ድካምሽ ነው የተናገረው። ግን የሰጠችሽን መልስ አስተውይው፤ «አዎ ደንዝዣለሁ» ነው ያለችው። ውጪ የተለጠፈባት ስም ላይ የቤቱ ሲጨመር ሁለቱንም አመነቻቸው ማለት ነው። ቃሉን ማንሳት ያለብሽ አንቺ ነሽ፤ ረጅም ይቅርታ አያስፈልገውም። «የዚያን ቀን ያልኩሽ ልክ አልነበረም፤ ካርድሽን እንደገና አይቼዋለሁ፣ ሒሳብሽ አልወረደም» ማለት በቂ ነው። ካርዱን ማየትሽን ታውቀው።

ፀጉሯን ማን ነው የሚሠራት? አንቺ ከሆንሽ ያ ሰዓት ጥሩ ነው። ሹሩባ ስትሠሪያት ከኋላዋ ነሽ፣ ፊት ለፊት አትተያዩም፣ እጅሽ ሥራ ላይ ነው፣ ሻርፑም ወርዷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጆች የማይናገሩትን ይናገራሉ። «ለምን አታጠኚም?» ብለሽ አትጀምሪ። «ክፍል ውስጥ በጣም የሚከብድሽ የትኛው ክፍለ ጊዜ ነው?»፣ «ማን አጠገብሽ ሲቀመጥ ይቀልሻል?»፣ «እኔ ትምህርት ቤት ብመጣ ታፍሪያለሽ ወይስ ትወጃለሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። ሦስቱንም በአንድ ቀን አትጨርሺ። ዝም ካለችም ጉንጉኑን ቀጥይ። ስለ ንቅሳቱ እሷ ካላነሳች አንቺ አታንሺው።

ትምህርት ቤት ስትሄጂ፣ የምትሄጂው እሷ እሺ ካለች በኋላ ነው። ከኋላዋ ሄደሽ ነገሩ ክፍሉ ውስጥ ከተነሳ «ከሳሽ» የሚል ሌላ ስም ይጨመርባታል። መምህሩን ወይም የክፍሉን ዩኒት ሊደር ስታገኚ፣ ክፍሉን ሰብስበው ስለ ባህል መከባበር ንግግር እንዳያደርጉ ለምኝልኝ። በቅን ልቦና የሚደረግ ነገር ነው፤ ግን ስልሳ ጥንድ ዓይን እንደገና አንገቷ ላይ ይተክላል። የሚሻለው ስሙን የሚጠሩትን ሁለት ሦስት ልጆች ለብቻ ጠርቶ በአጭሩ «ከዛሬ በኋላ በስሟ» ማለት ነው። ለቃል አቀራረቡ ደግሞ ደረጃ እንዲያደርጉላት ጠይቂ፦ መጀመሪያ ከተቀመጠችበት ታንብብ፣ ቀጥሎ ለቡድኗ ብቻ ታቅርብ፣ ሰሌዳው ፊት መቆሙ በኋላ ይምጣ። ነጥብ ይጨመርላት አላልኩም፤ መሰላል ይሰጣት ነው ያልኩት። ስፖርቱ ላይም እንደዚሁ ለጊዜው አንገት የሚሸፍን ቲሸርት ቢፈቀድላት ትሮጣለች።

ሻርፑን በግድ ማስወለቅ አይረዳትም፤ ያ መምህር ሞክሮታል። ለዘላለም መሸፈንም ጥሩ አይደለም፤ አንድን ነገር በሸሸነው ቁጥር ፍርሃቱ ያድጋልና። በራሷ ምርጫ ደህና በምትለው ቦታ ትጀምር፤ ለምሳሌ ከአንቺ ጋር ሱቅ ስትሄዱ፣ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ስታጠና። ከደምቢያ፣ ከበለሳ፣ ከአርማጭሆ መጥተው ጎንደር የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው፤ አንገቷን የተነቀሰች እሷ ብቻ መሆኗን እጠራጠራለሁ። ምናልባት በሌላ ክፍል ሌላ ሻርፕ የማይወርድላት ልጅ ትኖር ይሆናል። የትምህርት ቤቱ የሴት ተማሪዎች ክበብ ካለ በዚያ በኩል መጠየቅ ይቻላል።

ለፈተና ቀን አንድ ቀላል ነገር አለ። ራሚሬዝና ቤይሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ ፈተና የሚያስጨንቃቸው ተማሪዎች ልክ ከመግባታቸው በፊት ለ10 ደቂቃ ስለ ጭንቀታቸው ሲጽፉ ውጤታቸው እንደተሻሻለ አሳይቷል። ከተፈተኑት መካከል የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችም ነበሩ። ወረቀቱን ማንም አያነበውም፤ አንቺም ጭምር። ጽፋ ትቅደደው። ወጪው ግማሽ ሉክ ወረቀት ነው፤ ባይሠራላት ምንም አይጎዳትም።

አሁን እቁቡ። ክሬሙን በግልጽ እቃወማለሁ። ንቅሳት የሚቀመጠው በየጊዜው ከሚረግፈው የላይኛው ቆዳ ሥር ነው፤ ዕድሜ ልክ የሚቆየውም ለዚህ ነው። እዚያ ድረስ የሚደርስ ክሬም ቢኖር ቆዳዋን አቃጥሎ ነው የሚደርሰው። ሳሎን ውስጥ የሚቀባው ወይ ምንም አያደርግም፣ ወይ ከንቅሳቱ የባሰ ጠባሳ ያስቀራል፤ ያኔ ሦስት መስመር የነበረው አንገት ጠባሳውን ለመሸፈን ሌላ ሻርፕ ይፈልጋል። በሕክምና የሚጠፋው በሌዘር ነው። እሱም በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም፣ በሳምንታት ልዩነት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። እንደ እኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ የቆዳውን ቀለም እንዳይለውጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሚጠየቀውም የቆዳ ሐኪም ነው።

ማጥፋት ነውር ነው እያልኩ አይደለም። አድጋ፣ ራሷ አስባ «ላጥፋው» ብትል አያታችሁን መካድ አይሆንም፤ አያታችሁም ያሳመሯት መስሏቸው ነው የነቀሷት። ግን አሁን ብታጠፊላት ምን ትማራለች ብዬ እሰጋለሁ፤ ልጆቹ ልክ ነበሩ የሚል ነገር ይቀራታል። ደግሞም «ዩኔስኮ» የሚለው ስም ንቅሳቱ ጠፋ ተብሎ በማግስቱ አይጠፋም። እሷ ራሷ ማጥፋት እንደምትፈልግ ነግራሽ ታውቃለች? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁትም። ሐሳቡ ያንቺና የሳሎኗ ባለቤት ብቻ ከሆነ፣ አንገቷ መጥፋት ያለበት ነገር ነው ብለሽ ፈርደሻል ማለት ነው፤ እሷም ይህን ማንበቧ አይቀርም።

ስለዚህ እቁቡን ለጥናቱ አውዪው፤ አስጠኚዋን ግን ምረጪ። ሁሉንም ትምህርት የሚያስጠና ውድ መምህር አያስፈልጋትም፤ ሒሳቧ ደህና ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከገጠር መጥተው የደረሱ ሴት ተማሪዎች አሉ፤ አስጠንተው ኪሳቸውን የሚደጉሙም አይጠፉም። ከእነሱ አንዷ በሳምንት ሁለት ቀን ቤታችሁ መጥታ እንግሊዝኛ ከእሷ ጋር ድምጿን አውጥታ ብታነብ እህትሽ ሁለት ነገር ታገኛለች፤ ቋንቋውንም፣ በአንድ ሰው ፊት ማንበብንም። ምናልባት ሦስተኛም፦ የእሷን ዓይነት አነጋገር ይዛ ዩኒቨርሲቲ የገባች ሴት በቅርብ ታያለች። የተረፈውን ገንዘብ አስቀምጪው።

አንድ ነገር ግን በደንብ ተከታተይ። እንቅልፏ ከተዛባ፣ ምግብ ከተወች፣ ድሮ የምትወደው ነገር ሁሉ ካስጠላት፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ጉዳዩ የትምህርት ብቻ አይደለም። «ባልፈጠር ይሻለኝ ነበር» ዓይነት ነገር ከአፏ ከወጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፣ ብቻዋንም አትተያት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። እዚያ መሄድ እብደት ነው የሚል ሰው ካለ አትስሚው። «ራሴን አመመኝ» የምትለውንም ሁልጊዜ ሰበብ አድርገሽ አትያዢው፤ ጭንቀት እውነተኛ ራስ ምታት ያመጣል።

አባታችሁን በተመለከተ፣ ንገሪው። ከሌላ ሰው ከሰማው ያንቺንም ቃል ከእንግዲህ አያምንም፤ እሷን ከተማ ያስቀመጠው ደግሞ ያንቺ ቃል ነው። ግን «ወደቀች» ብለሽ አትጀምሪ። መጀመሪያ መምህሩን አነጋግሪ፣ አስጠኚዋን አግኚ፣ ከዚያ ደውይ። «ደረጃዋ ወርዷል፤ ምክንያቱን አግኝተነዋል፤ ይህን ይህን እያደረግን ነው» በይው። አባታችሁ 10ኛ ክፍል ሲባል የድሮው ብሔራዊ ፈተና ትዝ ሊለው ይችላል፤ አሁን 10ኛ ላይ ያ ፈተና እንደሌለ፣ ዋናው 12ኛ ላይ መሆኑን አስረጂው። ለማካካስ ሁለት ዓመት አላት። 12ኛው ቀላል አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ለእሷ ማስፈራሪያ አታድርጊው። ለአባታችሁ ግን ንገሪው፤ ነጥብ ማነስ የእሱ ልጅ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ይገባዋል።

የሚጠይቋት ሰዎች ያልሻቸውን አይቼ አላለፍኩም። በክልሉም በፌዴራሉም የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። ከሕጉ አትጀምሪ፤ አባት ልጁ ሕግ ስትጠቅስበት ይከፋዋል። በመጀመሪያ ለአባትሽ ቅርብ የሆነ፣ እሱ የሚሰማው ሰው ፈልጊ፤ አጎት ይሁን፣ የንስሐ አባት ይሁን፣ 8ኛ ክፍል ያስተማራት መምህር ይሁን። መምህሩ ከሁሉም ይሻል ይመስለኛል። እንዴት አንደኛ እንደወጣች በዓይኑ አይቷል፤ አባትሽም ከዚያ ሰው አፍ ቢሰማው ይቀበላል። ነገሩ ወደ ሽምግልና መላክ ከሄደና ቀን ከተቆረጠ ግን ሳትዘገዪ የወረዳውን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አነጋግሪ። የመምህሩን ስልክ ዛሬ ማታ ከእህትሽ ጠይቂያት፤ ሳይኖራት አይቀርም።